ለጭቃ ሪሞት መኪና ብራሽለስ (ካርቦን ብሩሽ የሌለው) ሞተር ስትመርጡ

ሁሉም መጀመሪያ ሚያየው ኬቪውን ነው፣ ቁጥሩ ሲተልቅ አሪፍ ይመስላል፣ እኔም ተሸውጃለሁ። ኬቪ ማለት ያለ ጭነት በ1 ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ነው፤ 3000 ኬቪ በ3 ሴል ሊፖ ባትሪ፣ ማለትም በ11.1 ቮልት፣ 33,300 ዙር ይሆናል። ግን ጅማ በክረምት፣ ጅሬን ዳገት ላይ ቀዩ ጭቃ ጎማው ላይ ሲጠቀለል ሚያስፈልገው ፍጥነት ሳይሆን ጉልበት ነው፣ ለዛ ደግሞ ኬቪው ዝቅ ያለው ይሻላል፣ የኔው ባለ 4000 ኬቪ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ጣት ሚያቃጥል ሆነ እና አቁሜ ውሃ ልጠጣ ሄድኩ፣ ምን ላድርግ። ለ1/10 መኪና (ከእውነተኛው 10 ጊዜ ላነሰው) 3660 ሚባለውን ሞተር ውሰዱ፣ 36 ሚሊ ውፍረት 60 ሚሊ ርዝመት ነው፣ ቦታው ላይ መግባቱን ግን ቀድማችሁ በማስመሪያ ለኩ። የዘንጉን ውፍረትም እዩ፣ ፒኒየኗ (ዘንጉ ላይ ምትገባው ትንሿ ባለ ጥርስ ጎማ) አልገባም ካለች አለቀ። ኢኤስሲው (የሞተሩን ፍጥነት ሚቆጣጠረው ዕቃ) 3 ሴል መቻሉንማ ሳታዩ እንዳትሰኩ። ድንጋይ ላይ ቀስ እያላችሁ መውጣት ምትወዱ ከሆነ ሴንሰር ያለውን ሞተር ውሰዱ፣ ሲነሳ አይንተፋተፍም።