ግቢ የሚጠብቅ፣ እንግዳ የማይነክስ ውሻ፦ ጅማ ላይ ቡችላን እንዴት ማሳደግ ይቻላል?

ጅማ ላይ ብዙ ሰው ውሻ የሚያሳድገው ለግቢ ጥበቃ ነው። ማታ ማታ ጅብ ሰፈር ድረስ ይገባል፣ ሌባም አይጠፋም። ታዲያ ቡችላው እንደመጣ «ኃይለኛ እንዲሆን» ተብሎ አጥር ሥር ይታሰራል፣ ከሰው ይርቃል፣ ምግቡም ይቀነስበታል። በዚህ መንገድ የሚያድገው ግን ሌባውንም፣ ቡና ልትጠጣ የመጣችውን ጎረቤትም፣ የልጅዎን ጓደኛም በእኩል የሚፈራ ውሻ ነው። የሚፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። ጥሩ ጠባቂ ቤተኛን ከባዕድ የሚለይ ነው፤ ይህንንም የሚማረው ከሰው ጋር ሲያድግ ነው።

1. ቡችላ መምረጥ

አብዛኛውን ጊዜ ቡችላ የሚገኘው ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ነው። እናቱን ለማየት ስለሚያስችል ከመንገድ ላይ ሻጭ ይህ ይሻላል። እናቲቱ ሰው ሲጠጋት የምትርበተበት ወይም በትንሽ በትልቁ የምትናከስ ከሆነች ሌላ ቤት ይጠይቁ። ቡችላው ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ይቆይ። ጥርሱን እንዴት መቆጣጠር እንዳለበት የሚማረው እዚያ ነው፤ አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ጮኾ ጨዋታውን ያቆምበታል። «ገና በጡቱ ይልመደን» ተብሎ በ4 ሳምንቱ የተወሰደ ቡችላ ይህ ትምህርት ያመልጠዋል።

ዓይኑና አፍንጫው የጠራ፣ ቆዳው ያልተላጠ፣ ሲጠሩት የሚጠጋ ይሁን። ከስቶ ሆዱ ብቻ የተነፋ ከሆነ የሆድ ትላትል ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ በመድኃኒት ይድናል። ትውከትና ተቅማጥ ያለበትን ግን አይውሰዱ፤ ፓርቮ የሚባለው ቡችላን የሚገድል ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል።

ሴት ቡችላ እየተጣለች ወንዱ ብቻ የሚፈለግበት ምክንያት አይታየኝም። ሴቷም እኩል ትጠብቃለች፣ ከግቢ ወጥታ የመዞር ፍላጎቷም ያነሰ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ስለሚመጣ፣ በእነዚያ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በር መዝጋት ወይም ቀደም ብሎ ስለ ማምከን ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ረጅም ፀጉር ያለውን የፈረንጅ ዝርያ በተመለከተ፣ በጅማ ዝናብ ፀጉሩ ሳይደርቅ ይከርማል፣ መዥገርና ቁንጫም ይደበቅበታል። አጭር ፀጉር ያለው የአበሻ ውሻ ለዚህ አየር ይመቻል።

2. ማደሪያ

የእንጨት ቤቱን ድንጋይ ወይም ብሎኬት ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ክረምት ላይ መሬት ላይ ያረፈ ቤት ከሥሩ ይረጥባል። በሩ ዝናብ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እንዳይዞር ያድርጉ። ለምንጣፍ ታጥቦ ፀሐይ የመታው ጆንያ ይበቃል።

የቡና ገለባ ግን አያንጥፉ። እኛ ዘንድ በቀላሉ ስለሚገኝ ያጓጓል፤ ሆኖም ውስጡ ካፌይን አለ፣ ካፌይን ደግሞ ውሻን ይመርዛል። ቡና በሚሰጣበት ወቅት ቡችላው ስጡ ላይ እንዳይወጣ ይከልክሉት፤ የጀበናውን አተላም ሊደርስበት በሚችል ቦታ አይድፉ። ጫት የሚቃምበት ቤት ከሆነ ገረባው ተጠርጎ ይውጣ፤ እሱም ለውሻ መርዝ ነው።

በየሳምንቱ በጣቶቹ መሐል ይመልከቱ። ሙጀሌ ከሰው እግር ብቻ ሳይሆን ከውሻም መዳፍ ይገባል፤ አቧራማ ወለል ላይ የሚተኛ ቡችላ በሙጀሌ ብቻ ሊያነክስ ይችላል።

3. ምግብ

ብዙ ውሻ የሚኖረው በትራፊ ነው። እንጀራው ችግር የለበትም፤ ችግሩ ወጡ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ መቀቀልም ጉዳቱን አያጠፋውም። አንድ ቀን የላሰው ወጥ ላይገድለው ይችላል፤ በየቀኑ ሽሮና ቀይ ወጥ የሚበላ ውሻ ግን ቀስ በቀስ ደሙ ያንሳል፣ ይደክማል። ስለዚህ ሽንኩርቱ ድስት ከመግባቱ በፊት የውሻውን ድርሻ ለብቻ ማንሳት ይልመዱ።

ለውሻ የሚሆን ቀላል ምግብ እንዲህ ይሠራል። ከሉካንዳ ቁርጥራጭ ሥጋ ይግዙና ያለ ጨውና ያለ በርበሬ በደንብ ይቀቅሉ። በመረቁ የበቆሎ ዱቄት አገንፍተው ሥጋውን ይቀላቅሉ፤ ካለ ካሮት ወይም ስኳር ድንች ይጨምሩ። 15 ኪሎ ግራም ገደማ ለሚመዝን ያደገ ውሻ በቀን 150 ግራም ዱቄትና 200 ግራም ሥጋ መነሻ ይሁንዎ፣ አልፎ አልፎም እንቁላል ያክሉበት። መጠኑን ከዚያ በኋላ በእጅዎ ይለኩ፦ ጎኑን ሲዳስሱ የጎድን አጥንቱ መቆጠር አለበት፣ ከሩቅ ሲያዩት ግን ገጦ መታየት የለበትም። ቡችላ ለአጥንቱ ካልሲየም ስለሚፈልግ የእንቁላል ቅርፊት አድርቀውና አልመው ፈጭተው ለግማሽ ኪሎ ምግብ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይነስንሱበት።

ሁለት ወር የሆነው በቀን 4 ጊዜ፣ ከ3 እስከ 6 ወር ያለው 3 ጊዜ፣ ከዚያ በላይ የሆነው 2 ጊዜ ይብላ። ውኃ ሁልጊዜ ይኑር። የላም ወተት ብዙዎቹን ስለሚያስቀምጣቸው አያዘውትሩ።

ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር የቆየ ልማድ ነው፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ ይብሳል። በውስጡ ያለው የትል ከረጢት ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ልጆች እጅና አፍ ሲገባ፣ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ እጢ የሚመስል ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። ቀቅለው ይስጡት። የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰነጣጥቆ አንጀት ስለሚወጋ ይቅር። የአቮካዶ ውስጡ ያለውን ጠጣር ፍሬም እንዳይውጥ፤ አንጀት ይዘጋል።

በሁዳዴ 55 ቀን ቤቱ ሲጾም ውሻው አይጾምም። ድስት ማነካካት የማይፈልጉ ለእሱ የተለየች ብረት ድስት ይመድቡ። ሥጋም ቢሆን ጅማ ላይ አይጠፋም፤ የሙስሊም ሉካንዳ ክፍት ነው።

አስርቦ ማሳደር ኃይለኛ ያደርገዋል የሚሉ አሉ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባለው ግን በተቃራኒው ነው። የራበው ውሻ ከአጥር ውጭ የወረወሩለትን ሁሉ ይበላል፤ ሌባም መርዝ የሚያበላው እንዲህ ያለውን ነው።

4. ክትባትና መድኃኒት

የትላትል መድኃኒት ከ2ኛ ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 8ኛ ሳምንት፣ ከዚያ በየወሩ እስከ 6 ወር፣ በኋላም በየ3 ወሩ ይሰጣል። የፓርቮና የመሰሎቹ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ እስከ 16ኛ ሳምንት በየ3 እና 4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይከተብና በየዓመቱ ይታደሳል። የት እንደሚገኝ ለማወቅ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅን ወይም የአካባቢዎን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠይቁ፤ የክትባት ካርዱንም ያስቀምጡ።

5. ማሠልጠን

ቡችላ እስከ 14ኛ ሳምንቱ ድረስ ያያቸውንና የሰማቸውን ነገሮች በቀላሉ ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር ያስደነግጠዋል። ክትባቱ ስላላለቀ የመንገድ ውሻ በሚውልበት መሬት አያውርዱት፤ ታቅፈውት ይውጡ። መርካቶ ዳር ትንሽ ቢቆሙ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ጃንጥላ፣ ጅልባብ የለበሰች ሴት፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ በአንድ ጊዜ ያያል። በደነገጠ ቁጥር አይቆጡት፤ ራቅ ብለው ትንሽ ሥጋ ይስጡት።

ሽንት፦ እንደነቃ፣ እንደበላ፣ እንደተጫወተ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጥግ ይውሰዱት፤ እንደጨረሰ እዚያው ያመስግኑት። ቤት ውስጥ ከሸና በሳሙናና በአቼቶ ያጽዱ። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት ተደብቆ መሽናትን እንጂ ሌላ አያስተምርም።

መጥራት፦ ቤተሰቡ በአንድ ቃል ይስማማ። አባት «ና»፣ ልጅ በኦሮምኛ «ኮቱ»፣ ሠራተኛዋ ፉጨት ከሆነ ውሻው የቱንም አይዝም። ሲመጣ ይሸለም። ጠርተው አይምቱት፤ አንዴ ከተመታ ሁለተኛ ሲጠሩት ይሸሻል።

መቀመጥ፦ ሥጋውን ከአፍንጫው በላይ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይውሰዱት። ቀና ሲል መቀመጫው መሬት ይነካል፤ ያኔ «ቁጭ» ብለው ይስጡት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ለ5 ደቂቃ ይበቃል። ይህን ከለመደ እንግዳ ላይ መዝለልን ማስተው ይቀላል፤ የተቀመጠ ውሻ አይዘልም። ጅማ ላይ ይህ ከይሉኝታም በላይ ነው፤ ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚሄድ ጎረቤት የውሻ ምራቅ ከነካው ልብሱን ማጠብ ሊኖርበት ይችላል።

መጮኽ፦ ጩኸቱን አይከልክሉ፤ ማቆሚያውን ያስተምሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጮኽ ወጥተው ይዩ፣ «በቃ» ይበሉ፣ ዝም ሲል ይሸልሙት።

ማሰር ግድ ከሆነ በሁለት ምሰሶ መሐል ሽቦ ወጥረው ሰንሰለቱ በቀለበት እንዲንሸራተት ያድርጉ፤ ሌሊት ይፈታ፣ የግቢው በርም ይዘጋ። አጥር ሥር ባጭሩ የታሰረ ውሻ ጅብ ሲመጣ ማምለጫ የለውም።

6. ሰው ከነከሰ

የተከተበም ቢሆን ቁስሉ ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ የተነከሰው ሰው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ የባህል መድኃኒት ፍለጋ ጊዜ አይጥፋ። የውሻውን ካርድ ይዘው ይሂዱ። ውሻውን ደንግጠው አይግደሉት፤ ለ10 ቀን ለብቻው ዘግተው ይመግቡት፣ ይከታተሉት። በእነዚህ ቀናት ከታመመ ወይም ከሞተ ለጤና ባለሙያው ወዲያው ይንገሩ።