የብሌን ማስፊያ ጠብታውን ቀይ ክዳን አትጣሉት

የእይታ ዳርቻን ስንመረምር ጣት እያወዛወዝን «ይታይዎታል?» ማለት ብቻውን አይበቃም። የተጎዳው የእይታ ክፍል እንቅስቃሴን ሊለይ ስለሚችል ታካሚው «አዎ» ይላል፣ እኛም ደህና ነው ብለን እንጽፋለን፤ ችግሩ ግን አለ።

ስለዚህ የጠብታውን ሁለት ተመሳሳይ ቀይ ክዳኖች አጽድታችሁ ያዙ። አንድ ሜትር ያህል ርቃችሁ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ታካሚው አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ በሌላው አፍንጫችሁን ይመልከት (ጣቶቹን ገጠም ያድርግ፤ በጣቶች መሃል አጮልቆ ማየት ያጋጥማል)። ክዳኖቹን ከአፍንጫችሁ ግራና ቀኝ በእኩል ርቀት፣ ሳታንቀሳቅሱ ያዙና «ቅላታቸው እኩል ነው ወይስ አንዱ ደብዝዟል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላውንም ዓይን እንዲሁ።

የእይታ ነርቭ ሲጫን ቀይ ቀለም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይደበዝዛል። በሁለቱም ዓይኖች በጆሮ በኩል ያለው ክዳን ከደበዘዘ፣ የፒቱታሪ ዕጢ (ከአንጎል ሥር ያለ ትንሽ ዕጢ) እባጭ የእይታ ነርቮቹ የሚሻገሩበትን ቦታ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ ወደ ስፔሻሊስት ላኩ።

ጀማሪ ግላኮማን (የእይታ ነርቭን ቀስ በቀስ የሚጎዳ የዓይን በሽታ) ግን በዚህ ዘዴ የለም ማለት አይቻልም፤ ለእርሱ የእይታ መስክ መለኪያ መሣሪያ ያስፈልጋል።