መጽሐፉን ልጁ ይተርክላችሁ

ለትንንሽ ልጆች መጽሐፍ የምታነቡ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ከዳር እስከ ዳር አንብባችሁ አትዝጉት። መሀል ላይ ቆም በሉና ልጁን አስወሩት።

ግሮቨር ዋይትኸርስት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1988 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ያየ ጥናት አሳትመዋል። ዕድሜያቸው 2 ዓመት ገደማ ለሆኑ ልጆች አንዳንዶቹ ወላጆች እንደወትሯቸው አነበቡ። ሌሎቹ እየጠየቁ አነበቡ። በ1 ወር ውስጥ የሚጠየቁት ልጆች ሐሳባቸውን በቃል በመግለጽ በግልጽ ቀደሙ።

አጠያየቁ ላይ ነው ቁም ነገሩ። «ይሄ ውሻ ነው?» ካላችሁት «አዎ» ብሎ ይገላገላል። «ውሻው ምን እያደረገ ነው?» በሉት። «ሮጠ» ካለ፣ «አዎ፣ ትልቁ ውሻ ኳሱን ሊይዝ ሮጠ» ብላችሁ አስረዝሙለት። ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ታገሱት። መልሱን ቶሎ ከአፉ አትንጠቁት፤ ትንሽ ልጅ ቃል ፈልጎ እስኪያገኝ ጊዜ ይወስድበታል።

ሌላው ፊደሉ ነው። የዓይን እንቅስቃሴን የሚከታተሉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ሲነበብላቸው ልጆች የሚያዩት በአብዛኛው ሥዕሉን ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ጣታችሁን ከቃላቱ ሥር እያስኬዳችሁ አንብቡ። በየመስመሩ ግን አይሁን፣ ታሪኩ ይበላሻል።

«ያንኑ መጽሐፍ ድገምልኝ» ካለም ደስ ብሏችሁ ድገሙለት። አዳዲስ ቃላት የሚይዘው በድግግሞሽ ነው።