ውሃ እያጠጣነው ለምን ይጠወልጋል? በቤትና በግቢ ተክሎች ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ አንድም ተክል የሌለበት በረንዳ እምብዛም አይታይም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ጤና አዳም ይበቅላል። ሳሎን ጥግ መኒ ፕላንቱ በግድግዳው ላይ ይንጠላጠላል። ፍቅሩ አለን። ችግሩ ኢንተርኔት ላይ የምናነበው ምክር አብዛኛው የተጻፈው ታኅሣሥ በረዶ ለሚጥልበት አገር መሆኑ ነው። የእኛ ተክል የሚኖረው 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሰኔ ላይ ዝናብ ይወርድበታል፣ ታኅሣሥ ላይ ቀን ፀሐይ ይጠብሰዋል፣ ሌሊት ብርድ ይመታዋል። ስለዚህ የምንከባከበው በራሱ ሰማይና በራሱ ወቅት መሆን አለበት።

ውሃን በቀን ቆጥሮ ማጠጣት

ከስህተቶች ሁሉ ብዙ ተክል የሚገድለው ይሄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልናገረው።

“በሳምንት ሁለቴ አጠጣዋለሁ” የሚል ሰው ብዙ ነው። ያው ተክል በሐምሌ እርጥበትና በየካቲት ድርቅ እኩል አይጠጣም። በዚያ ላይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌላ ልማድ አለ። ውሃ በመጣ ቀን ሮቶው ይሞላል፣ ባልዲው ይሞላል፣ ከዚያ “ነገ ላይኖር ይችላል” ተብሎ አበባዎቹ ሁሉ እስኪጥለቀለቁ ይጠጣሉ። ተክሉ ግን የነገውን ውሃ ዛሬ ጠጥቶ ማስቀመጥ አይችልም።

ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ከተያዘ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱ መጠውለጉን አይቶ “ጠምቶታል” ይልና ይጨምርለታል። ነገሩ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ተክሉን ግንዱ ሥር ይዛችሁ ማሰሮውን ቀስ አድርጋችሁ አዘንብሉና አውጡት። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፣ ሽታውም የአፈር ሽታ ብቻ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ወይም ጥቁር ይሆናል። በጣት ሲይዙት ይሟሟል፣ ልጡ ተንሸራቶ እንደ ክር ያለ ነገር እጅ ላይ ይቀራል፣ ሽታውም የረጋ ውሃ ሽታ ነው። እንዲህ ሆኖ ካገኛችሁት የተበላሸውን በንጹሕ መቀስ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ በአዲስ ደረቅ አፈር ትከሉት፣ ለጥቂት ቀን ውሃ አታሳዩት። ግማሽ ሥሩ ከቀረ ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ከዚያ በኋላ የምትመሩበት ሕግ አንድ ብቻ ነው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ደረቅ ከሆነ ከታች እስኪፈስ ድረስ አጠጡትና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። እሬትና ሳንሴቬሪያ (ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው) ደግሞ አፈራቸው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይታገሳሉ።

ቀዳዳ የሌለው ዕቃ

የዘይት ጀሪካን፣ የቀለም ባልዲ፣ የወተት ቆርቆሮ፣ ሁሉም ለመትከል ይሆናል። ግን ከታች ይበሳ! አንድ ቀዳዳ አይበቃም፤ አራት አምስት አድርጉት። ታች ጠጠር መደልደል ቀዳዳውን አይተካም፣ ውሃው ጠጠሩ ላይ ቁጭ ይላል። ዕቃውም ለተክሉ ልክ ይሁን። ትንሽ ችግኝ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ሲገባ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ለሳምንታት ሳይደርቅ ይቆያል። ማሰሮ ስትቀይሩ ከበፊቱ ሦስት፣ አራት ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ በቂ ነው። የሸክላ ማሰሮ በጎኑም ስለሚተነፍስ ከፕላስቲክ ቶሎ ይደርቃል፤ ይህን አስባችሁ አጠጡ።

የቡና አተላ

ከሦስተኛው በኋላ ጀበናው የሚገለበጠው የት ነው? በየቤቱ በረንዳው ላይ ያለው አበባ ላይ ነው። አተላው ጥሩ ነገር አለው፣ የሚደፋበት መንገድ ግን ስህተት ነው። በየቀኑ ሲከመር ደቆ የተወቀጠው ቡና ይደርቅና አፈሩ ላይ ቅርፊት ይሠራል። ውሃ ስታፈሱበት ወደ ጎን ይሮጣል እንጂ ወደ ታች አይገባም። ሳይደርቅ ሲቀር ደግሞ ይሻግታል፣ ትንንሽ ጥቋቁር ዝንቦችም ይፈሉበታል። ስኳር ወይም ጨው የነካው ከሆነማ ይባስ፤ አንዱ ጉንዳን ይጠራል፣ ሌላው ሥር ይጎዳል። አተላውን ከቅጠላ ቅጠልና ከአትክልት ልጣጭ ጋር ቀላቅላችሁ ኮምፖስት አድርጉት። ቦታ ከሌላችሁ በወር አንዴ አንድ ማንኪያ ከላይኛው አፈር ጋር አዋህዱት። የሻይ ቅጠልም እንደዚያው።

የሠፈሩን አፈር ዝም ብሎ መዛቅ

ብዙ የከተማው ግቢ አፈሩ ዋልካ ነው። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አዲስ የተሠራ ሕንፃ ግቢ ከሆነ ደግሞ የምትዝቁት ገረጋንቲና የሲሚንቶ ፍርስራሽ ነው። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ቀላቅሉ። ለአብዛኛው የቤት ተክል ይበቃል።

“ደቡብ መስኮት ጋ አድርጉት” የሚለውን ምክር እንዳለ መቀበል

አውሮፓና አሜሪካ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ወገናችን ይህን ምክር ቢከተል ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው ያለችው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፣ በበጋ ወደ ደቡብ ትዞራለች። ስለዚህ ደቡብ መስኮት ጋ ያለ ተክል ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፣ ሐምሌ ላይ ጨለማ ይሆንበታል። ተክሉን በዓመት ሁለቴ ቦታ ማስቀየር አንድ ጠዋት የማይፈጅ ሥራ ነው። ለብዙዎቹ የምመርጠው የጠዋት ፀሐይ የሚያገባውን የምሥራቅ መስኮት ነው።

ከሳሎን አውጥቶ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥም ሌላው ጥፋት ነው። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት፤ ጥላ የለመደ ቅጠል በሁለት ቀን ነጭ ጠባሳ ያወጣል፣ ጠባሳው አይሽርም። በመጀመሪያ ከጥላ ሥር፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት የጠዋት ፀሐይ፣ እያለ በሁለት ሳምንት ይለማመድ። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። መኒ ፕላንትን የመሰለ የሞቃት አገር ተክል በእነዚህ ወራት በረንዳ ላይ አይደር።

ማዳበሪያ በጭልፋ

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። የተሠራው ለማሳ ነው። አንድ ማንኪያ ትንሽ ማሰሮ ውስጥ ሲገባ ሥር ያቃጥላል፣ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ትኩስ ፍግም ያቃጥላል፣ በተለይ የዶሮ። ለወራት ተከምሮ ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁት። የታመመ ተክልን በማዳበሪያ ማከም ደግሞ አይሞከር፤ መጀመሪያ ሥሩን እዩ።

ሳርን እስከ ሥሩ መላጨት

“ቶሎ እንዳያድግ ዝቅ አድርገህ እጨደው” ይባላል። ታጭዶ የተላጨ ሳር ምግቡን የሚሠራበት ቅጠል የለውም፣ አፈሩም ለፀሐይ ይጋለጣል፣ በክፍተቱ አረም ይገባል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ ቁረጡ፤ በበጋ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ይቅርለት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከማርከፍከፍ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ማለዳ አጥግቦ ማጠጣት ሥሩን ወደ ታች ያወርደዋል። አዲስ ሳር የምትተክሉ ከሆነ ሰኔን ጠብቁ፣ ዝናቡ ያግዛችኋል። ኪኩዩ የዚሁ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ስለሆነ ይስማማዋል፣ ግን አበባ መደብ ውስጥ እንዳይገባ ጠርዙን በየጊዜው ቁረጡት።

ጽጌረዳን ማታ ከላይ ማጠጣት

ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ካደረ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣው ፈንገስ ይይዘዋል። ክረምት ላይ ዝናቡን ማስቆም አንችልም፣ በበጋ ግን በእጃችን ነው። ማለዳ፣ ከሥሩ አጠጡት። የታመመውን ቅጠል ለቅማችሁ ከግቢ አውጡ፣ ኮምፖስት ውስጥ አይግባ። የጠወለገ አበባ ስትቆርጡ አምስት ቅጠል ያለው ክንፍ እስክታገኙ ውረዱና፣ ወደ ውጭ ከሚያይ ማቆጥቆጫ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ሰያፍ ቁረጡ። መቀሱ በአልኮል ይጠረግ። ጠንከር ያለ የቅርንጫፍ ቆረጣ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ ይሻላል።

የትንኝ ስፕሬይ ተክል ላይ መርጨት

ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ወይም ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ ሲታይ እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ስፕሬዩ ነው። ውስጡ ያለው ማሟሟያ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ለእርሻ የተሠራ መድኃኒትም ቤት አይግባ። ጤና አዳም ቡና ውስጥ ይገባል፣ በሶብላ ወጥ ውስጥ ይገባል፤ የረጫችሁት ነገር ተመልሶ ሲኒያችሁ ውስጥ ነው የሚመጣው። አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ ከቅጠሉ ሥር በደንብ እርጩ፣ በኋላ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ በሳምንቱ ድገሙት። የልብስ ዱቄት ሳሙናና በረኪና አይሆንም። ቅጠል እንዲያበራ ዘይት መቀባትም መተንፈሻውን ይደፍናል፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ማን አጠገብ ምን እንደሚተከል አለማሰብ

የጎማ ዛፍ ማሰሮ ውስጥ ሲያዩት ገራም ነው። መሬት ላይ ሲተከል ሥሩ አጥርና ሴፕቲክ ታንክ ይሰነጥቃል፤ ከቤት ራቅ አድርጉት። ኦሊያንደር (ሮዝ ወይም ነጭ አበባ የሚያወጣው ቁጥቋጦ) ቅጠሉም አበባውም ብርቱ መርዝ ነው፣ የሚድህ ልጅ ባለበት ግቢ ባይኖር እመርጣለሁ። መኒ ፕላንትም ቢታኘክ አፍ ያቃጥላል፣ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ቅንጭብ አጥር ስትቆርጡ ዓይናችሁን ሸፍኑ። ወተቱ ዓይን ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጥባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ።