«አጥፋ» ሲባል እና «አታጥፋ» ሲባል

ደብረ ማርቆስ፣ እማዬ ቤት፣ አቦሉ ሊቀዳ ሲል ነው። እማዬ «መብራቱን አታጥፋ» አለች። ላፕቶፔ ላይ ያለው፣ በንግግር የሚታዘዘው ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ድርግም አደረገው።

ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ሌላ ፕሮግራም ነው። የእኔው ስክሪፕት ጽሑፉን ተቀብሎ ተናጋሪው ምን እንደፈለገ፣ ማለትም ኢንተንቱን፣ ይለያል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ፋይል ክፈቱ፤ በየመስመሩ ናሙና ዓረፍተ ነገር፣ ታብ፣ ከዚያ የኢንተንቱን ስም ጻፉ። ስክሪፕቱ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የሰጣችሁትን ከናሙናዎቹ ጋር አወዳድሮ የቀረበውን ያትማል። ለማወዳደር ከፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፍሊብ (difflib) ይበቃል፤ የሁለት ጽሑፎችን ተመሳሳይነት ከ0 እስከ 1 ይለካል።

መጀመሪያ ግን ፊደሉን አንድ አድርጉ። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለዲፍሊብ ግን ተመሳሳይነታቸው 0.33 ነው። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ፤ ሰባቱንም ቤት። ሃንም ወደ ሀ።

ቀጥሎ ገደቡ ነው፤ ማለትም ናሙናው ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ተመሳሳይነት። ዲፍሊብ ራሱ የሚያስቀምጠው 0.6 ለእኛ ልል ነው። ፋይሉ ውስጥ «መብራቱን አብራ» ብቻ ካለ፣ «መብራቱን አጥፋ» 0.78 አግኝቶ ያበራላችኋል። እኔ 0.85 አድርጌዋለሁ። እማዬ ማሽኑን እንደ ሴት ቆጥራ «አጥፊ» ብትለውም 0.89 ስለሚሆን ያልፋል። ከገደቡ በታች የሆነውን «አልገባኝም» ይበል።

«መብራቱን አታጥፋ» ግን ከ«መብራቱን አጥፋ» ጋር 0.95 ነው! እዚህ ገደብ አያድንም። እንደ «አታጥፋ»፣ «አትክፈት» ያሉትን በእጅ ዘርዝራችሁ ከማወዳደሩ በፊት አስቁሙ። በ«አት» የሚጀምረውን ሁሉ አትከልክሉ፤ አትክልትም አለ።