ሲሞኖቭ ሲረግጥ አፈሙዙ እንዳይሸሽ ምን እናድርግ?

ሲሞኖቭ የሚባለውን ጠመንጃ (ኤስኬኤስ) ለመጀመሪያ ጊዜ የተኮስኩት ሱሉልታ አካባቢ፣ ፈቃድ ባለው የተኩስ ሜዳ ላይ ነው። በአበባ እርሻ ጥበቃ ተቀጥሬ ለሥልጠና ነበር የሄድኩት። የኅዳር ጠዋት ነበር፣ የሱሉልታ ብርድ ደግሞ አጥንት ድረስ ይገባል። እኔም ወፍራም ጃኬት ደርቤ ነበር። የመጀመሪያዋ ጥይት ኢላማው ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ ከኢላማው በላይ ሄዳ የአፈሩን ክምር መታች። ሦስተኛዋ ከዚያም ከፍ አለች። አምስተኛዋ ላይ ትከሻዬን ይዤ ቀረሁ። ማታ ልብሴን ሳወልቅ ከትከሻ ወደ አንገት የሚሄደው አጥንቴ ጠቁሮ አብጦ ነበር። አንድ ሳምንት በቀኝ ጎኔ መተኛት አልቻልኩም።

ያኔ ጥፋቱ የጉልበት ማነስ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ከእኔ የቀጠነች የሥራ ባልደረባዬ አሥሩንም ጥይት በአንድ መዳፍ ልክ ሰበሰበቻቸው። ልዩነቱ አቋሟና አያያዟ ነበር። የምጽፈው በቀኝ እጅ ለሚተኩስ ነው፣ ግራኝ የሆናችሁ ገልብጡት።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚሆን እንይ። የሲሞኖቭ ጥይት አረር 8 ግራም ገደማ ነው። በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ፍጥነት ይወጣል። እሱ ወደፊት ሲሄድ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋው ጠመንጃ ወደ ኋላ ይመጣል። ርግጫው የሚመጣው በበርሜሉ መስመር ነው። ሰደፉ፣ ማለትም የጠመንጃው የኋላ እንጨት፣ ትከሻችን ላይ የሚያርፈው ግን ከዚያ መስመር ዝቅ ብሎ ነው። በዚህ የከፍታ ልዩነት ምክንያት ጠመንጃው ትከሻችን ላይ እንደ ማጠፊያ ይዞራል፣ አፈሙዙም ወደ ላይ ይነሳል። ይሄ ጨርሶ አይቀርም። ማድረግ የሚቻለው ትንሽ ብቻ እንዲነሳና ወደነበረበት እንዲመለስ ነው።

ደግሞ ሲሞኖቭ ከባድ ረጋጭ አይደለም። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የተዋጋበት ኤም ዋን የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ከሱ እጥፍ በላይ ይረግጣል። ስለዚህ በሲሞኖቭ የሚጎዳ ሰው በአብዛኛው አያያዙን ነው ማስተካከል ያለበት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ፈቃድ የሌለው መሣሪያ አትንኩ። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቀልድ አይደለም። የተኩስ ቦታውም የተፈቀደና ከኋላው በቂ የአፈር ክምር ያለው ይሁን። የጆሮና የዓይን መከላከያ አድርጉ። የጠመንጃ ድምፅ ከ150 ዴሲቤል ያልፋል፣ የሄደ ጆሮ ደግሞ አይመለስም።

ሲሞኖቭን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ጥይቷን የሚመታው መርፌ በብዙዎቹ ላይ ስፕሪንግ የለውም። በውስጡ ቅባት ከደረቀበት ሊጣበቅና ምላጩን ሳትስቡ በተከታታይ ሊተኩስ ይችላል። መርፌው ያለበትን ክፍል ፈታችሁ አጽዱ። ከዚያ መጀመሪያ አንድ ጥይት፣ ቀጥሎ ሁለት ብቻ አጉርሳችሁ ሞክሩ።

እግርና ወገብ

ግራ እግር ወደፊት፣ ቀኝ እግር በትከሻ ስፋት ወደ ኋላ። ጉልበት ትንሽ ላላ ይበል። ትከሻችሁ ከዳሌያችሁ ቀደም ብሎ ወደፊት ያዘንብል።

አብዛኛው ሰው በተቃራኒው ነው የሚቆመው። ጠመንጃው ስለሚከብደው ወደ ኋላ ተለጥጦ በወገቡ ሊሸከመው ይሞክራል። እንዲህ የቆመን ሰው ርግጫው በቀላሉ ይገፋዋል፣ አፈሙዙም ሰማይ ያያል። በለቅሶና በሠርግ ወደ ሰማይ ሲተኮስ እያዩ ያደጉ ልጆች ይህን ልማድ ይዘው ይመጣሉ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት የሆነ ቦታ ይወርዳል፣ ሰውም ይገድላል። ይህን ልማድ ከነአካቴው እንተው።

አቋማችሁን ለመፈተን ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጓደኛችሁ ከፊት ሆኖ ቀኝ ትከሻችሁን ሳታስቡት ይግፋችሁ። ወደ ኋላ ከተራመዳችሁ አዘንብሉ፣ እንደገና ሞክሩ። መሬቱንም እዩ። ክረምት ላይ መረሬ አፈር ጫማ ሥር ይንሸራተታል። ደረቅ ሣር ወይም ጠጠር ያለበትን ፈልጉ።

ትከሻ፦ እኔ የተጎዳሁበት

ብዙ ጊዜ የምትወስዱት እዚህ ይሁን። ሰደፉ አጥንት ላይ ማረፍ የለበትም፣ ክንድ ላይም ማረፍ የለበትም። ቦታውን እንዲህ ፈልጉት። ቀኝ ክንዳችሁን እስከ ትከሻ ከፍታ አንሱ። በግራ እጃችሁ ጣቶች ከትከሻ ወደ አንገት የሚሄደውን አጥንት ተከተሉ። ከአጥንቱ በታች፣ ከትከሻው ኳስ ወደ ውስጥ፣ ሥጋው ጎድጎድ ይላል። ሰደፉ የሚገባው እዚያ ነው። ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ክርናችሁን ዝቅ አድርጉት፣ ግን ከጎናችሁ አታጣብቁት።

እኔ ያን ቀን ምን አደረግኩ? ጃኬቴ ወፍራም ስለነበር ጉድጓዱን በእጄ አላገኘሁትም። ሰደፉ በጨርቁ ላይ ተንሸራቶ አጥንቴ ላይ ወጣ። በዚያ ላይ ይመታኛል ብዬ ስለፈራሁ አጥብቄ አልያዝኩትም። በሰደፉና በትከሻዬ መካከል የጣት ያህል ክፍተት ነበር። ጠመንጃው ያን ክፍተት ሲያገኝ ፍጥነት ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ይመታል። ተጠግቶ የተቀመጠ ሰደፍ ግን ይገፋል እንጂ አይመታም። ያሠለጠኑን ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ትከሻዬን አይተው፣ «ልጄ፣ ከጠመንጃው አትሽሽ፣ ተጠጋው» አሉኝ። ጃኬቴን አስወልቀው በቀጭን ሹራብ አስተኮሱኝ። በነገራችን ላይ፣ ጋቢ ደርቦም መተኮስ ያው ነው። ብርዱን ቻሉት፣ ወይም ደረት ላይ የማያብጥ ልብስ ልበሱ።

ወደ ትከሻ ሳቡት ሲባልም መጠን አለው። ጠበቅ አድርጎ የሰውን እጅ መጨበጥ ያህል ይበቃል። እጅ እስኪንቀጠቀጥ መጭመቅ ማነጣጠሩን ያበላሻል።

እጅና ጉንጭ

ግራ እጅ የእንጨቱን የፊት ክፍል ወደፊት ርቆ ይያዝ። ወደ ካዝናው በተጠጋ ቁጥር አፈሙዙን የመቆጣጠር አቅሙ ይቀንሳል። ከበርሜሉ በላይ ያለውን የጋዝ ቱቦ አትንኩ፣ ከጥቂት ጥይት በኋላ ያቃጥላል። በቀኝ በኩል ያለው እጀታ በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ ኋላ ስለሚወረወር ጣት አይቅረበው።

ጠመንጃውን ወደ ጉንጫችሁ አምጡት። አንገታችሁን አጎንብሳችሁ ወደሱ አትሂዱ። ጉንጭ እንጨቱ ላይ በየጊዜው አንድ ቦታ ይረፍ።

ቀጥሎ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ተንፍሱ፣ ግለጡ። አፈሙዙ ከኢላማው ወደ ጎን ሄዶ ካገኛችሁት በእጃችሁ አትመልሱት። እግራችሁን አዙሩ። በእጅ ተጎትቶ የተነጣጠረ ጠመንጃ ከተኩሱ በኋላ ሰውነት ወደሚፈልገው አቅጣጫ ያመልጣል። ተኝታችሁ የምትተኩሱ ከሆነም አከርካሪያችሁ ከጠመንጃው ኋላ ቀጥ ይበል። ሰያፍ የተኛ ሰው አፈሙዙ ወደ ጎን እየሄደ ያስቸግረዋል።

ምላጭና ዓይን

ምላጩን በዝግታ ሳቡ። ሲተኩስ ጣታችሁን ቶሎ አትልቀቁ፣ እንደሳባችሁ ያዙት። ዓይናችሁን የፊት ማነጣጠሪያው ላይ አቆዩ። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ከወረደ አቋማችሁ ጥሩ ነው። ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ከሸሸ ወደ እግርና ትከሻ ተመለሱ። ጨርሶ ካላያችሁት ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችኋል ማለት ነው።

ሲሞኖቭ በጋዝ ስለሚሠራ መዘጊያው ወደ ኋላ ሄዶ ሲመለስ ጠመንጃውን ወደፊት ገፋ ያደርገዋል። ይህን ግፊት መስማት ተለማመዱ። መዘጊያው ሳይመለስና ማነጣጠሪያው ሳይወርድ ሁለተኛውን አትተኩሱ።

ፍርሃት ግን በምክር አይለቅም። እኔን የረዳኝ ይሄ ነው። ከአሥሩ ጥይት ሦስቱ ባሩድ የሌላቸው የልምምድ ጥይቶች ይሁኑ፣ ጓደኛችሁ እናንተ ሳታዩ ቀላቅሎ ያጉርስ። የልምምዷ ጥይት ስትደርስ ጠመንጃው ቀጭ ይላል። በዚያች ቅጽበት አፈሙዙ ወደ ታች ከደፋ፣ ከተኩሱ በፊት እየደነገጣችሁ ነው። ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም። ቀጭ ሲል አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞራችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ፣ ምናልባት የዘገየች እውነተኛ ጥይት ልትሆን ትችላለች። ከዚያ አስወጧት።

ስለ ተጨማሪ ዕቃዎች

ከሰደፉ ጀርባ የሚገባ ላስቲክ ጥሩ ነው። የሲሞኖቭ ሰደፍ አጭር ስለሆነ ረዘም ላለ ሰው ሁለት ጥቅም አለው። ለአጭር ሰው ግን ሰደፉን አርዝሞ ከጉድጓዱ ያወጣዋል፣ ይቅርበት።

አፈሙዝ ላይ የሚገጠሙት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ጋዙን ወደ ጎን እየለቀቀ ርግጫ ይቀንሳል። ሌላው ጋዙን ወደ ላይ ለቆ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫናል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የተሻሻለው ክላሽ ጫፉ ላይ ያለው ሰያፍ ቁራጭ የዚህኛው ዓይነት ነው። ይሠራሉ፣ ግን በተለይ የመጀመሪያው ጩኸቱና ንፋሱ ከጎን ያለውን ሰው ያሰቃያል። በአቋም የሚስተካከለውን በብረት ለማስተካከል መጣደፍ አልወድም። ፈቃድ የተሰጠበትን መሣሪያ ከመቀየራችሁ በፊትም ፈቃድ ሰጪውን ጠይቁ። የታጠፈውን ሳንጃ ግን ጠመንጃው እንዲቀል ብላችሁ አታውልቁ። ከፊት ያለው ክብደቱ አፈሙዙ እንዳይነሳ ያግዛል።

በአንድ ቀን ከ30 ጥይት በላይ አልተኩስም። ትከሻ ሲደክም ፍርሃቱ ተመልሶ ይመጣል። ኢላማውን 25 ሜትር ላይ አቁሜ ሁለት ሁለት እተኩሳለሁ፣ ከዚያ ሄጄ በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርቀት እለካለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሁለተኛዋ ከወረቀቱ ውጭ ነበረች። አሁን ከመጀመሪያዋ አራት ጣት አትርቅም።