የማይንክራፍት ዓለምን በሁለት ኮምፒውተር መካከል የሚያመላልስ ስክሪፕት

ማይንክራፍት ጃቫ ኤዲሽን የተባለው የኮምፒውተር ጌም ለብቻ የሚጫወቱትን ዓለም ኢንተርኔት ላይ አያስቀምጥም። ያለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሆነ ሌላ ቦታ ለመቀጠል ፎልደሩን በፍላሽ ወይም በሌላ መንገድ ማዛወር ግድ ነው። በእጅ ኮፒ ማድረግ ለጊዜው ይሠራል፤ አንድ ቀን ግን አሮጌው በአዲሱ ላይ ይገለበጥና የሳምንታት ግንባታ ይጠፋል። ስክሪፕት (ትእዛዞችን በቅደም ተከተል የሚፈጽም የጽሑፍ ፋይል) የሚያስፈልገው በዋናነት ይህን ለመከልከል ነው።

ፎልደሩን ለማግኘት የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብረው ይጫኑ፤ «አፕዳታ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከፊትና ከኋላው የፐርሰንት ምልክት አድርገው ይጻፉ። ስሙ በነጥብ የሚጀምረው የማይንክራፍት ፎልደር ውስጥ «ሴቭስ» አለ፤ እያንዳንዱ ዓለም በዚያ ውስጥ የራሱ ፎልደር አለው። የሚወሰደው ሙሉው የዓለሙ ፎልደር ነው። የተቆፈረውና የተገነባው ያለው «ሪጅን» በሚባለው ንዑስ ፎልደር ስለሆነ የዓለሙን ስምና ቅንብር የያዘውን «ሌቭል ዶት ዳት» የተባለ ፋይል ብቻ መያዝ አይጠቅምም።

«ቀኑ የቅርብ የሆነው ያሸንፍ» የሚለው ሕግ አያዋጣም። የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀ ኮምፒውተር መብራት ሲቋረጥ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ትናንት የተጫወቱት ከአምና የቆየ ይመስላል። ስለዚህ በቀን ፈንታ ተራ ቁጥር ይጠቀሙ። ፍላሹ ላይ አንድ፣ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ አንድ የጽሑፍ ፋይል ከዓለሙ ፎልደር ውጭ ያስቀምጡና ሁሉም ላይ 0 ይጻፉ። ከዚያ በኖትፓድ ሁለት ባች ፋይሎች (የዊንዶውስ ስክሪፕቶች) ይዘጋጃሉ፤ አንዱ «ውሰድ»፣ ሌላው «አምጣ»። አቅጣጫውን ስክሪፕቱ ራሱ እንዲገምት ከማድረግ ይህ እጅግ ይሻላል።

«ውሰድ» የሚሠራው የኮምፒውተሩና የፍላሹ ቁጥር እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ዓለሙን ፍላሹ ላይ በቀጣዩ ቁጥር በተሰየመ አዲስ ፎልደር ይገለብጣል፤ ካልተሳካ ሙከራ የቀረ ተመሳሳይ ፎልደር ካለ አስቀድሞ ይሰርዘዋል። ቁጥሮቹን ከፍ የሚያደርገው ኮፒው ካለቀ በኋላ ነው። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም ፍላሹ ቢነቀል የቀድሞው ቅጂ ሳይነካ ይቆያል። የመጨረሻዎቹን 5 ቅጂዎች አስቀርቶ የቆዩትን ይሰርዝ፤ ብዙ የተዞረበት ዓለም ከ1 ጊጋባይት ሊያልፍ ስለሚችል የፍላሹን መጠን ያስቡበት።

«አምጣ» የሚሠራው የፍላሹ ቁጥር ሲበልጥ ነው። አዲሱን በማይንክራፍት ፎልደር ውስጥ፣ ከሴቭስ ግን ውጭ ወዳለ ጊዜያዊ ፎልደር ይገለብጣል። ኮፒው ሲያልቅ ነባሩን ዓለም ወደ ባክአፕ ፎልደር ያዛውራል፣ አዲሱን በቦታው ያስገባል፣ የኮምፒውተሩንም ቁጥር ከፍላሹ ጋር ያስተካክላል። ባክአፑን ሴቭስ ውስጥ አያድርጉት። ጌሙ የሚያሳየው ስም ከሌቭል ዶት ዳት የሚነበብ ስለሆነ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ዓለሞች ይታዩና የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋል።

በሁለቱም ኮምፒውተር ሳይናበቡ ከተጫወቱ «ውሰድ» እምቢ ይላል፤ ማድረግ ያለበትም ይኸንኑ ነው። ሁለቱን ዓለሞች ማዋሃድ ስለማይቻል የሚቀጥለውን አንዱን ይምረጡ። የፍላሹን ከመረጡ «አምጣ» ነባሩን ባክአፕ አድርጎ ያስገባልዎታል። የኮምፒውተሩን ከመረጡ ቁጥሩን በእጅ ከፍላሹ ጋር አስተካክለው «ውሰድ»ን ያስነሱ።

ለመገልበጥ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ሮቦኮፒ ይበቃል፤ ንዑስ ፎልደሮችን እንዲያካትት የኢ ስዊችን (ከትእዛዙ ጋር የሚጻፍ አማራጭ) ይስጡት። ፋይል ተቆልፎ ሲያገኝ ግን፣ ካልተነገረው በስተቀር፣ በ30 ሰከንድ ልዩነት 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል። «ስክሪፕቱ ደርቆ ቀረ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። የሙከራ ብዛት የሚወስነውን የአር ስዊች 2፣ በሙከራዎቹ መካከል የሚጠበቀውን ሰከንድ የሚወስነውን የደብልዩ 2 ያድርጉ፤ «ሴሽን ዶት ሎክ» የተባለውንም ፋይል እንዲዘል ይንገሩት። ሮቦኮፒ ኮፒ አድርጎ ሲጨርስ የውጤት ቁጥሩ 1 መሆኑ ስሕተት አይደለም፤ ስሕተት የሚባለው 8 እና ከዚያ በላይ ነው። ከ0 የተለየውን ሁሉ እንደ ስሕተት የሚቆጥር ስክሪፕት በደህና የተገለበጠውንም ይጥላል።

ከመገልበጥ በፊት ጌሙ መዘጋቱን በታስክሊስት (ክፍት ፕሮግራሞችን በሚዘረዝረው የዊንዶውስ ትእዛዝ) ያረጋግጡ። የሚፈለገው ፕሮሰስ «ጃቫደብልዩ» የሚባለው ነው፤ ላውንቸሩ ቢዘጋም ጌሙ ክፍት ሊሆን ይችላል።

ባች ፋይል ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በጥቃቅን ነገር ነው። ቁጥር ወደ ፋይል ሲጽፉ አሃዙ የማዞሪያ ቀስቱን (> ምልክቱን) ከፊቱ ከነካው ዊንዶውስ እንደ ቻናል ቁጥር ይቆጥረውና ፋይሉ የተፈለገውን አይዝም፤ ቀስቱንና የፋይሉን ስም ጽሑፉን ከሚያወጣው የኤኮ ትእዛዝ በፊት ያስቀድሙ። ቁጥሩን 08 ብለው በዜሮ አይጀምሩ፤ ስሌቱ በስምንት መሠረት ያነበውና ስሕተት ይሰጣል። የፎልደር አድራሻዎችን ሁሉ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡ፤ «ኒው ወርልድ» የሚለው የተለመደ ስም ራሱ ክፍት ቦታ አለበት።

የጌሙ ቨርዥንና ሞዶቹ በሁለቱም ኮምፒውተሮች አንድ ይሁኑ፤ በአዲስ ቨርዥን የተከፈተ ዓለም በአሮጌው ሲከፈት ሊበላሽ ይችላል። ዋናውን ዓለም ከማስገባትዎ በፊት በማይቆጩበት የሙከራ ዓለም «ውሰድ»ን አስነስተው ኮፒው መሐል ላይ መስኮቱን ይዝጉት፤ የፍላሹ ቁጥር ካልተለወጠ የስክሪፕቱ ይህ ክፍል በትክክል ተጽፏል።